አልካደችም

መስከረም 21 ቀን

ይድረስ ለመርፌዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ ብለሽ ብቻ እንዳታልፊኝ» ስላልሽ ግን እዚህ ላይ አላቆምም። ሦስት ደብዳቤ እስክትልኪ ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ይቅር በዪኝ። የሆቴል መጋረጃ ስሰፋ ነው የቆየሁት ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ መጋረጃ በስንት ቀን እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ፤ ያሳደገችሽ አክስትሽ ልብስ ሰፊ ናትና ማንን ላታልል ነው።

እንግዲህ የጠየቅሽኝን ሁሉ ልመልስ። አዎ፣ ፍርድ ቤት ቀርቤአለሁ። አዎ፣ ብቻዬን። መጥሪያው ላይ «በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ» ይላል፤ በአካል ቀረብኩ። አካሌ ሙሉ ነው፣ የጎደለኝ ጆሮ ብቻ ነው፤ ስለ ጆሮ ደግሞ መጥሪያው ምንም አይልም።

ባለወፍጮው ጎረቤታችን ቀድሞ ቆሞ ተናገረ። ግማሹን ከአፉ ላይ ለቀምኩት፤ ቀሪውን በኋላ ከውሳኔው ወረቀት አነበብኩ። የፊተኛው ክፍል ከእሱ ግቢ የተቆረሰ ነው አለ። እኔ የምቀመጥበት በእሱ ፈቃድ ነው፣ ራሴም አውቀዋለሁ አለ። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሰፊ ከመሞታቸው በፊት የሰጡኝን ክፍል፣ አንቺ የወተት ጥርስሽን የነቀልሽበትን ክፍል ማለቱ ነው።

ከዚያ ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። ጺማቸው አፋቸውን ጠቅልሎ ይዞታል፤ አንዲት ቃል አልያዝኩም። እጄን ወደ ጸሐፊው ዘርግቼ ብዕር ለመንኩ። ሰውዬው ሰላምታ መስሎት እጄን ጨብጦ ነቅነቅ አደረገልኝ። መርፌዬ፣ በዕድሜዬ የሰው እጅ እንደዚያ አስጠልቶኝ አያውቅም። እንደገና በጣቴ አየር ላይ እየጻፍኩ ባሳይ ዳኛው የራሳቸውን ከንፈር በጣት ነካ አደረጉ፤ ክርክሩ በቃል ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ አንገታቸውን ወደ መዝገቡ ደፉ።

ውሳኔው ሁለተኛ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ተከሳሽ በተጠየቀች ጊዜ አልካደችም፤ ዝምታዋም እንደ ማመን ተወስዷል።» በአንድ ወር ውስጥ ክፍሉን ልለቅ ነው። እኔ ዝም ብዬ አውቃለሁ? ሠላሳ ዓመት በእጄ የተሟገትኩት ሰው ብዛት መንደሩ ይመስክር። ከቤቱም በላይ ያቃጠለኝ ይኼ ነው።

ያንን ክፍል ለምን እንደምፈልገው ለአንቺ አላስረዳሽም። ደንበኛ ጠርቶ አይጠራኝም። ሰው ሲመጣ የማውቀው የመንገዱ መስኮት ላይ ቆሞ ጥላው ማሽኔ ላይ ሲወድቅ ነው። የሚቀረኝ የኋላው ክፍል ደግሞ መስኮት የለውም። እዚያ ከገባሁ ሰፊ መሆኔ አበቃ ማለት ነው።

ፍትሕ ሚኒስቴር ነው የምትሠሪው እያልኩ ለመጣ ለሄደው ስጎርርብሽ ኖሬአለሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ እዚያ ይታወቃል?

አክስትሽ


ጥቅምት 4 ቀን

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽንና አብረሽ የላክሽልኝን የውሳኔ ግልባጭ ቢሮ ውስጥ ነው ያነበብኩት። የጸሐፊው እጅ ጋ ስደርስ አለቀስኩ። አለቃዬ አየችኝና በሩን ዘጋችልኝ። ደብቀሽኝ በመክረምሽ ተቀይሜሻለሁ፤ ቅያሜው ግን በሚቀጥለው ደብዳቤ ይደርስሻል፣ አሁን ጊዜ የለኝም።

ይግባኝ ለማለት ስልሳ ቀን አለሽ። አብራኝ የተማረች ጠበቃ በሚመጣው ሳምንት እዚያ ድረስ መጥታ ታገኝሻለች። የምታናግሪያት በጽሑፍ ነው፤ እጇ ፈጣን ስለሆነ አታሰለችሽም።

ይታወቃል ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ ይታወቃል። ከዚህ በላይ የሚያሳፍር መልስ ኖሮኝ አያውቅም። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ከሦስት ዓመት በፊት ለሚኒስቴሩ ጽፏል። ፍርድ ቤቶቹም መመሪያ ይውጣልን ብለዋል። ረቂቁ እኛ ክፍል፣ ሕግ ማርቀቂያ፣ ከኔ ጠረጴዛ ጀርባ ካለው መደርደሪያ ሦስተኛው እርከን ላይ አሥራ አራት ወር ተኝቷል። ፎጣና ጃንጥላዬን የማስቀምጠው ከጎኑ ነው። አንቀጽ ዘጠኝ ምን ይላል መሰለሽ? መስማት የተሳነው ሰው በአስተርጓሚ ሳይጠየቅ ዝም ቢል ዝምታው እንደ ማመን አይቆጠርም፤ ይግባኝ ላይ ያሉ ጉዳዮችም በዚሁ ይታያሉ ይላል።

ለምን ተኛ ትዪኝ ይሆናል። ማንም አስተኝቶት አይደለም። እዚህ ቤት ወረቀት በክፋት አይሞትም። አንዱ ሹም ይቀየራል፣ አዲሱ «እስቲ ልየው» ይላል፣ ከዚያ ሥልጠና ይሄዳል፣ ረቂቁም እየታየ ነው ይባላል። ከእንግዲህ ግን አይተኛም። እኔ እጨርሰዋለሁ፣ አንቀጽ ዘጠኝን ቃል በቃል በጥርሴ ይዤ አወጣዋለሁ።

ልጅሽ


ጥቅምት 15 ቀን

ይድረስ ለመርፌዬ፣

ጠበቃሽ መጥታ ሄደች። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ እጀ ጠባቧ ግን ትከሻ ላይ ስለተጣመመ አስወልቄ አቃናሁላት። ይግባኙ ገብቷል። በአጭሯ ወረቀትሽ ክፍሉ ደህና ነው ወይ ላልሽው ደህና ነው፤ ማሽኑም ይሠራል። ስለዚህ ነገር ደጋግመሽ አትጠይቂኝ።

አሁን አንድ ነገር ልቆጣሽ ነው። ያ በጥርሴ ይዤ ያልሽው አላስተኛኝም። ለኔ ብለሽ ሕግ እንዳትሰፊ። ልብስ በልክ ነው የሚሰፋው፣ እኔን ከገጠመኝ ይበቃል። ሕግ ግን እኔን ብቻ ከገጠመ ሌላውን ሰው ይጠበዋል፤ ያን ጊዜ አንቺና ባለወፍጮው በምን ተለያያችሁ? የማኅበሩ ሰዎች የጻፉት ቃል ልክ ከሆነ እንዳለ ይውጣ። ልክ ካልሆነም የኔ ቤት ይቅር። አንቺን ሳሳድግ በሰው ጨርቅ ላይ ቅዳጅ እንኳ እንዳትደብቂ ነው ያስተማርኩሽ።

ለአለቃሽ ንገሪያት። «ይህ ያክስቴ ጉዳይ ነው» በያት። ብትቆጣም ትቆጣ።

ደግሞ እዚያችው ወረቀት ላይ ረቂቁ «ለአስተያየት ይላካል» ስትዪ ምን ማለትሽ ነው? ለማን ነው የሚላከው? አንድ ሰው አይበቃም?

አክስትሽ


ኅዳር 6 ቀን

ለእትዬ፣

ቁጣሽ ሲደርሰኝ የተቆጣሽበት ነገር አልቆ ነበር። በመሃል ባጭር ወረቀት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ያልኩሽ እውነት አልነበረም። የደበቅኩሽን ልናገር።

ያንን የመጀመሪያ ደብዳቤ በላክሁልሽ ማግስት፣ ረቂቁን ከመደርደሪያው አውርጄ አቧራውን ጠረግሁ። እስክርቢቶ ሳላነሳ አለቃዬ ዘንድ ገባሁና ውሳኔውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ። «ተከሳሽ የተባለችው አሳዳጊዬ ናት» አልኳት። ሁለቴ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀችና፣ «ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ረቂቁን አትነኪውም፣ በክፍሉም አታልፊም» አለችኝ። ረቂቁ እስኪያልቅ ድረስ ወደ መዝገብ ቤት አዛወረችኝ። አራት ዓመት ሕግ ተምሬ አሁን ምድር ቤት ደብዳቤ እቆጥራለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተበሳጭቼ ነበር። ግን ወዲያው ረቂቁን ራሷ ተረከበችው። አንዲት ቃል ሳትቀይር፣ ማኅበሩና ፍርድ ቤቶቹ እንደተስማሙበት አስተካክላ አስገልብጣ ጨረሰችው።

አሁን ለጥያቄሽ። አንድ መመሪያ ሚኒስትሩ ፊት ከመቅረቡ በፊት አምስቱ የሕግ ክፍሎች አይተው አስተያየት ይሰጡበታል። ዐቃቤ ሕጎቹ አሉ፣ የሕግ ምክር ክፍል አለ፣ መንግሥትን ወክሎ የሚከራከረው የፍትሐ ብሔር ክፍል አለ፣ ሌሎችም። አንድ ሰው አይበቃም፣ እትዬ፤ አንቺስ ልብስ ስትለኪ ከፊትም ከኋላም አይደል የምታይው? ትናንት ሸኚው ደብዳቤ ለሁሉም ገባ። መጨረሻው ላይ ይቺ የቤታችን የቆየች ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ደብዳቤው በደረሳችሁ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ አስተያየታችሁ ካልቀረበ እንደተስማማችሁ ይቆጠራል።»

ይህቺን መስመር ዕድሜዬን ሳያት ኖሬ ትናንት ገና አነበብኳት። እኛም ዝምታን እንደ ማመን ነው የምንወስደው። ልዩነቱ እነሱ ተጠይቀዋል፣ ሰምተዋል፣ ብዕርም አላቸው። አንቺ ግን ብዕር ለምነሽ እጅ ነው የተጨበጥሽው። ይህን ለአለቃዬም ነገርኳት።

የሚያሰጋን አንድ ሰው ነው፤ የፍትሐ ብሔር ክፍል ኃላፊው። ቤቱ በሙሉ «አቶ ይደርሳል» ይላቸዋል፤ መልስ የታለ ሲባሉ «ይደርሳል» ስለሚሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህ አንቀጽ ከወጣ ያለቁ መዝገቦች ሁሉ ይከፈታሉ፣ ሰዎቼ በሥራ ይሞታሉ ብለው ፈርተዋል። እሳቸው በጊዜ ከተቃወሙ ነገሩ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴ ማለት ደግሞ መደርደሪያ ሦስተኛ እርከን ማለት ነው። ይግባኝሽ የሚሰማው ጥር ውስጥ ነው፤ እስከዚያ ካልወጣ አይደርስልሽም።

ጠረጴዛዬ ከአባ ማኅተም ጎን ነው። የመዝገብ ቤቱ ሹም ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት «ደርሷል» የሚለውን ማኅተም ሲመቱ ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ብሏል። የቀን ቁጥሩን ጠዋት ጠዋት በራሳቸው ጥፍር ነው የሚያዞሩት፤ ሌላ ሰው አያስነኩም።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ያለፈው ደብዳቤሽ የተጻፈው ከተማሪ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ነው። አንቺ የልብስ መቁረጫ ወረቀት ላይ ነው የምትጽፊው። የት ሆነሽ ነው የምትጽፊው?

ልጅሽ


ኅዳር 13 ቀን

ይድረስ ለመርፌዬ፣

ዓይንሽ ይጥፋ። ወረቀት ታያለሽ አይደል?

እሺ። ክፍሉን ከለቀቅሁ ወር አልፎኛል። ባለወፍጮው በቀኑ መጥቶ ቁልፍ ለወጠ። ማሽኔን ከኋላው ክፍል አልገባ ቢል ወደ መምህሯ ቤት አዛወርኩት፤ የምልክት ቋንቋ የምታስተምረዋን ታስታውሻታለሽ፣ ድሮ አንቺን ይዤ የምሄድባትን። መኝታ ሰጥታኛለች። ማሽኑ ኮሪደሯ ላይ ቆሟል፣ መብራት ከራስጌው አለው፣ ጥላ የሚባል ነገር ግን የለም። ሰው ሲመጣ ትከሻዬን ነክቶ ነው የሚጠራኝ፤ እኔም በደነገጥኩ ቁጥር ስፌቱ ይጣመማል። ከሦስት ደንበኛ የቀረችኝ አንዷ ብቻ ናት። አልነገርኩሽም፣ ምክንያቱም ያንን በጥርሴ ያልሽውን እንዳታደርጊ ፈራሁ። አሁን ግን ምድር ቤት መውረድሽን ስሰማ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ኮርቼብሻለሁ። ይኼን ሁለቴ አልጽፈውም፣ አስቀምጪው።

አለቃሽን ከልቤ አመስግኚልኝ። ለአባ ማኅተም ደግሞ ያ የዘነበለ ትከሻቸው ኮት ሲለብሱ እንዳያስቸግራቸው በቀኙ በኩል ድርብ ጨርቅ ይግባበት በያቸው። ልኩን ከላኩ እሰፋላቸዋለሁ። አይሆንም፣ ቆይ፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ ምንም አልልክላቸውም። ሰው ጉቦ ይለዋል።

ሰውዬው በጊዜ ከተቃወሙ ይቃወሙ። ተጠይቀዋል፣ መልስ መስጠት መብታቸው ነው። ልብሽ ግን ምን ይላል?

አክስትሽ


ኅዳር 28 ቀን

ለእትዬ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ዛሬ የምጽፍልሽን ነገር ሚኒስቴሩ ፎቅ ለፎቅ እየተቀባበለ ይስቅበታል፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አቶ ይደርሳል ተቃውሞአቸውን በጊዜ ጽፈው ነበር። ሦስት ገጽ፣ በስምንተኛው ቀን፣ ጥሩ ጽሑፍ። ስህተቱ አድራሻው ላይ ነው። «ለሕግ ማርቀቂያ» ማለት ሲገባቸው «ለሚመለከተው የሥራ ክፍል» ብለው ፈረሙ። የራሳቸው ክፍል መዝገብ ያዥ ወረቀቱን አየችው፤ የፍትሐ ብሔር ክርክር ነገር ነው፤ የሚመለከተው እኛን ነው አለችና ገቢ ቁጥር ሰጥታ መልሳ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። እሳቸውም በቀን ሃምሳ ወረቀት የሚያዩ ሰው ናቸው፤ የራሳቸውን ጽሑፍ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ጥጉ ላይ ምን ብለው መሩበት መሰለሽ? «ጠንካራ ሐሳብ ነው፤ ተጠንቶ መልስ ይዘጋጅለት።» ለራሳቸው መልስ የሚያዘጋጁ ሁለት ባለሙያዎች ተመደቡ።

አሁን ልቤ ምን ይላል ላልሽኝ ጥያቄ ልምጣ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደብዳቤ ለማድረስ እዚያ ክፍል ወጣሁ። ወረቀቱ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ገለጥ ብሎ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን መስመር ሳይ ገባኝ። እትዬ፣ የራሳቸው ተቃውሞ ነው። ዝም ብዬ ብወጣ ማንም አያውቅም። ኮሪደርሽን አሰብኩ፣ ማሽንሽን አሰብኩ፣ እጅሽን የጨበጠውን ሰውዬ አሰብኩ። ከዚያ ያ ቅዳጅ እንኳ እንዳትደብቂ ያልሽው መጣብኝና፣ «ይኼ ወረቀት ወደ ሕግ ማርቀቂያ የሚወርድ አይደለም እንዴ? ሦስት ቀን ነው የቀረው» አልኳት። ጸሐፊዋ ቀና ብላም አላየችኝ። «ጌታዬ መርተውበታል፣ ይደርሳል» አለችኝ። ወጣሁ። ለአለቃዬ ያየሁትንም ያልኩትንም ነገርኳት። እሷም እንደገና ስልክ ደውላ አስታወሰቻቸው። አሁንም «ይደርሳል» ነው መልሱ።

አሥራ አምስተኛው ቀን ከትናንት በስቲያ በሥራ መውጫ ሰዓት አለቀ። ትናንት ጠዋት አቶ ይደርሳል ራሳቸው እየሮጡ ምድር ቤት ወረዱ። ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ተገልብጧል። ወረቀቱን ለአባ ማኅተም ዘርግተው፣ «የትናንቱን ቀን ምቱበት፤ ጽሑፉ ከተጻፈ እኮ ሳምንት አለፈው» አሉ። እኔ እጄን ጭኔ ሥር ደብቄ ግድግዳ አያለሁ። አባ ማኅተም ወረቀቱን ግራ ቀኝ አዩት። የአቶ ይደርሳል ክፍል የሰጠውን ገቢ ቁጥር አዩ፣ ምሪቱን አነበቡ። ከዚያ፣ «ጌታዬ፣ ለራስዎ ጽፈው ለራስዎ ደርሷል። እኛ ጋ የደረሰው ዛሬ ነው» አሉና የዛሬዋን ቀን መቱበት። ድምፁ ምድር ቤቱን አናወጠው።

አቶ ይደርሳል ተናደው አለቃዬ ቢሮ ወጡ። አንቀጽ ዘጠኝን ጮክ ብለው አነበቡላት፤ «ዝምታ እንደ ስምምነት አይቆጠርም የሚል ሕግ በእኛ ዝምታ ሊጸድቅ ነው?» አሉ። እሷ ምን አለች መሰለሽ? «እርስዎ ሸኚ ደብዳቤ ደርሶዎታል፣ ሁለቴ ተነግሮዎታል፣ ብዕርም ነበረዎት። እሷ ብዕር ለምና ነበር።» አስቢው እትዬ፣ አንቺን ማለቷ ነው። ሰውዬው ማንን እንደሆነ ጠየቁ፤ የውሳኔውን ሁለተኛ ገጽ ሰጠቻቸው። ቆመው አነበቡት። ወረቀቱን መልሰው ሲያኖሩ፣ «የሰዎቼን የሥራ ጫና ግን በቃለ ጉባኤ ያዙልኝ» ብለው ወጡ። ተያዘላቸው።

አምስቱም ክፍሎች እንደተስማሙ ተቆጥሯል። ዛሬ ወደ ሚኒስትሩ ወጣ። ደስታዬን የማደርግበት ቦታ አጥቼ አባ ማኅተምን አቅፌ ትከሻቸውን አሳመምኩ።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ይድረስ ለመርፌዬ፣

ደብዳቤሽን ለመምህሯ በእጄ እየተረጎምኩ አስነበብኳት። «ለራስዎ ጽፈው ለራስዎ ደርሷል» ጋ ስንደርስ ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፤ ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ መጣ።

ለጸሐፊዋ ባትነግሪያት ኖሮ ግን ይህን ድል አልበላውም ነበር። ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ነበር። አሁን እስከ አጥንቴ ደስ ብሎኛል።

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ቀጠሮው ጥር 14 ነው። ጠበቃዋ አንድ ነገር ቸግሯታል። ክፍሉ ከወፍጮው በፊት የኔ እንደነበር የሚያሳይ የቆየ ጽሑፍ ትፈልጋለች። ሽማግሌው ቤቱን ሲሰጡኝ በቃል ነው የሰጡኝ፤ ወረቀት የሚባል የለኝም። አንቺ ሰነድ አዋቂ ነሽና አስቢበት።

ፍርድ ቤት እመጣለሁ ያልሽውን ተዪው። አንቺን ካየሁ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ እጄ ዓይኔን ሲጠርግ መናገር አይችልም።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ለእትዬ፣

ሚኒስትሩ ፈረሙ። ትናንት በሕግ ጋዜጣ ወጣ። አንዱን ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ገጽ አራት ላይ አንቀጽ ዘጠኝን ፈልጊ። በእርሳስ አላሰመርኩበትም፤ ሕግ ላይ አይሰመርም ብለው አባ ማኅተም ከለከሉኝ።

ሰነድ አዋቂ ላልሽኝ፣ አዋቂዋ አንቺ ነሽ። በልጅነቴ ምንም ነገር እንዳልጥል አስተምረሽኝ የለ? የአንደኛ ክፍል መመዝገቢያ ካርዴን ሻንጣዬ ሥር አገኘሁት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም አለበት። «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ አድራሻ» በሚለው ቦታ የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ቁልጭ ባለ ጽሑፍ «ልብስ ሰፊዋ፣ በራሷ ቤት፣ ባለመስኮቱ ፊተኛ ክፍል» ብሎ ጽፏል። ባለወፍጮው ወደ ሰፈራችን የመጣው እኔ ስምንተኛ ክፍል ስገባ አይደል?

ዋናውን ካርድ ለጠበቃዋ በአደራ ልኬያለሁ። አትምጪ ስላልሽኝ አልመጣም፤ የዚያን ቀን ጠዋት ግን ሥራ እሠራለሁ ብለሽ እንዳታስቢ።

ልጅሽ


ጥር 24 ቀን

ይድረስ ለመርፌዬ፣

«ምነው ዘገየሽ፣ ልቤ ቆመ» ብለሽ ጽፈሻል። ይቅርታሽን ለምናለሁ። የዘገየሁት ውሳኔው እስኪነበብ ነው፤ ግማሽ ዜና መላክ አልፈለግሁም። ትናንት ተነበበ። ክፍሉ የኔ ነው። የመጀመሪያው ውሳኔ ተሽሯል፤ ሰውዬው ቁልፉን እንዲያስረክብ ታዟል። ዛሬ ጠዋት አስረክቧል።

አሁን ተረጋግተሽ ቀሪውን አንብቢ።

ሦስት ዳኞች ነበሩ፤ ሰብሳቢዋ ሴት ናቸው። ጺም የለም፣ ተመስገን። ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ አስቀርቦ ነበር፤ ቁመተ ረጅም ጎልማሳ ሴት፣ እጇ ንጹሕ፣ እኔንም ባለወፍጮውንም የማታውቅ። ከሁሉ በፊት ሰብሳቢዋ ዳኛ መመሪያሽን አንስተው፣ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት የጻፈው ማመን ከዛሬ ጀምሮ ከመዝገቡ ወጥቷል፣ አንቺ እንደ አዲስ ትጠየቂያለሽ አሉኝ። ይኼን ሁሉ በእጅ ሲነገረኝ ማሰብ ትችያለሽ? በሃምሳ አራት ዓመቴ መንግሥት በቋንቋዬ ሲያናግረኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«ክፍሉ የከሳሽ ነው ይላል፤ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። ከሽማግሌው ጀመርኩ፣ ከጣራው ቆርቆሮ፣ ከመስኮቱ ጀመርኩ፤ አንቺ ትኩሳት ይዞሽ ማሽኑ ሥር የተኛሽበትን ሳምንት ሁሉ አልቀረኝም። አስተርጓሚዋ በመሃል ውኃ ለመነች። ባለወፍጮው አፉን ከፍቶ እጄን ያያል፤ አሥራ አምስት ዓመታችን ነው በጉርብትና፣ ይህን ያህል የምናገረው እንዳለኝ አላወቀም ነበር።

ከዚያ ካርድሽ ወጣ። ሰብሳቢዋ አነበቡና ወደ እሱ ዞረው፣ «ልጅቱ ስትመዘገብ አንተ ሰፈሩ ውስጥ ነበርክ?» አሉት። አልነበርኩም አለ። «እንግዲያ ፈቃዱን ከየት ሆነህ ነው የሰጠኸው?» አየሁት፣ እሱም ዝም አለ። እውነት እልሻለሁ፣ ለአፍታ አዘንኩለት። ለአፍታ ብቻ ነው።

አሁን ለመጨረሻ ያቆየሁትን ልንገርሽ። ሁሉም ካበቃ በኋላ ሰብሳቢዋ፣ «የምትጨምሪው አለ?» ብለው አስጠየቁኝ። አስቤ ነበር ብዙ ልል። ግን መርፌዬ፣ ሁሉን ብዬዋለሁ። አንዲት የቀረችኝ ነገር የለችም። እጆቼን ጭኔ ላይ አሳረፍኩና ዝም አልኩ። እንዴት ደስ የሚል ዝምታ መሰለሽ፣ የራሴ ነው፣ ማንም አልነጠቀኝም።

ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ምን ልጻፍ ብሎ ወደ ዳኛዋ አየ። ከንፈራቸው ጥርት ብሎ ታየኝ፣ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። «ዝም አለች ብለህ ጻፍ» አሉት። «ሌላ ምንም እንዳትጨምርበት።»

ገጹን አስገልብጬ ልኬልሻለሁ። ለአባ ማኅተም አሳዪያቸውና የኮታቸውን ልክ ላኪልኝ፤ አሁን ማንም ጉቦ አይለውም። ለአለቃሽም የምላት ብዙ አለኝ፣ ግን ማሽኔ ላይ ጥላ ወደቀ። ደንበኛ መጥታለች፣ እዚህ ላይ ላቁም።

አክስትሽ
ባለመስኮቱ ፊተኛ ክፍል